ጂኤስ እና አፍሪካ ትዊን፦ የሁለት ግዙፍ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክሎች ንጽጽር

አስፋልትና ፒስታ ሳይመርጡ አንድ ወይም ሁለት ሰው ከነጓዙ ጭነው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እንዲሄዱ ታስበው የሚሠሩ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች በአምራቾቹ ዘንድ «አድቬንቸር» የሚል የወል ስም አላቸው። መሪያቸው ሰፊና ከፍ ያለ፣ ሆዳቸው ከመሬት የራቀ፣ መቀመጫቸው እንደ በቅሎ ጀርባ ረጅም ነው። የሞተራቸው ይዘት ከአንዲት አነስተኛ የቤት መኪና ሞተር ጋር የሚስተካከል ሲሆን፣ ክብደታቸውም በኢትዮጵያ ከተሞችና ገጠሮች ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ የሚታዩት ከ125 እስከ 200 ሲሲ ያሉ ሞተር ሳይክሎች ከሚመዝኑት እጥፍ ያህል ነው። «ሲሲ» ማለት ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለሱ የሚያካልሉት የሲሊንደር ውስጥ ቦታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲለካ የሚገኘው መጠን ነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ ሌሎች አምራቾች ሁሉ ሲለኩበት የቆየው ሞተር ሳይክል የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ጂኤስ ሲሆን፣ ከተቀናቃኞቹ መካከል የራሱን መንገድ ይዞ የዘለቀው ደግሞ የጃፓኑ ሆንዳ አፍሪካ ትዊን ነው። ለንጽጽር የሚመቹት ከሁለቱ ቤተሰቦች በረጅም ጉዞ የሚታወቁት ማለትም ከ2019 ጀምሮ የቀረበው አር 1250 ጂኤስ አድቬንቸር እና ከ2020 ጀምሮ የቀረበው ሲአርኤፍ 1100 ኤል አፍሪካ ትዊን አድቬንቸር ስፖርትስ ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ገዢዎች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት የፈረስ ጉልበቱን ነው፤ ሁለቱን በእርግጥ የሚለያያቸው ግን ክብደቱ የት ላይ እንደተቀመጠና የፊት ጎማው ከአካሉ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ነው።

የሁለቱም የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከፈረንሳይ ተነሥቶ ሰሃራን በማቋረጥ ሴኔጋል ላይ ያበቃ ከነበረው ከፓሪስ ዳካር ውድድር ነው። ቢኤምደብሊው በ1980 አር 80 ጂኤስ የተባለውን ሞተር ሳይክል ለገበያ ሲያቀርብ ሞተሩ ወደ 800 ሲሲ የሚጠጋ፣ ጉልበቱም 50 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ «ጂ» እና «ኤስ» የሚሉት ፊደላትም በጀርመንኛ ሜዳና መንገድ የሚሉትን ቃላት ይወክላሉ። በዚያን ጊዜ በመስክ ላይ ይነዱ የነበሩት ሞተር ሳይክሎች ቀላልና ባለ አንድ ሲሊንደር በመሆናቸው፣ ይህን የመሰለ ከባድ ማሽን አሸዋ ላይ ይዋጣለታል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ በ1981 በዚሁ ሞተር ሳይክል ዳካርን ያሸነፈው በ1952 አዲስ አበባ የተወለደው ፈረንሳዊው ሁበርት ኦሪዮል ሲሆን፣ በ1983ም ድሉን ደግሞታል፤ በ1992 ደግሞ በመኪና በማሸነፍ ውድድሩን በሁለቱም ዓይነት ተሽከርካሪ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። በ1984 እና በ1985 ድሉ የቤልጅየማዊው የጋስቶን ራይዬ ቢሆንም፣ ሞተር ሳይክሉ አሁንም ቢኤምደብሊው ነበር።

ሆንዳ መልሱን የሰጠው ኤንኤክስአር 750 በተባለ፣ ለውድድር ብቻ በተሠራ ሞተር ሳይክል ነው፤ ይህ ማሽን ከ1986 እስከ 1989 አራት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። ከአራቱ የ1987ቱ ድል የተገኘው ኦሪዮል በጣሊያኑ ካጂቫ ሞተር ሳይክል እየመራ ሳለ፣ ውድድሩ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ወድቆ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ በመሰበራቸው ነው፤ የዕለቱን ጉዞ በዚያው ሁኔታ ቢጨርስም መቀጠል አልቻለምና አሸናፊነቱ ለሆንዳው ሲሪል ንቮ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሆንዳ የድሉን ዝና ወደ ገበያ ለማውጣት ሲል የሠራውን ባለ 650 ሲሲ ሞተር ሳይክል አፍሪካ ትዊን ብሎ ሰየመው፤ «ትዊን» ማለት መንታ ሲሆን የሚያመለክተውም ሁለቱን ሲሊንደሮች ነው። ስሙ የያዘው አፍሪካ በየጥር ወሩ አውሮፓውያን ለውድድር ይመጡበት የነበረው በረሃ እንጂ፣ በአህጉሩ መንገዶች ላይ ሞተር ሳይክልን ለዕለት እንጀራው የሚነዳው ሰው የሚያውቀው አፍሪካ አለመሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

ከዚህ የጋራ መነሻ በኋላ ሁለቱ አምራቾች የያዙት መንገድ ተለያየ። ጂኤስ አድቬንቸር የሚጠቀመው «ቦክሰር» የሚባለውን የሞተር ዓይነት ሲሆን፣ ቢኤምደብሊው ከ1923 ከመጀመሪያው ሞተር ሳይክሉ ጀምሮ የሙጥኝ ብሎ የያዘው አሠራር ነው። በቦክሰር ሞተር ሁለቱ ሲሊንደሮች አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ተጋድመው ከሞተር ሳይክሉ ጎንና ጎን ይወጣሉ፤ ፒስተኖቹም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ስለሚሄዱ የአንዱ ግፊት የሌላውን ያጠፋዋል። ከሞተሩ ክብደት አብዛኛው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ቆሞ ሲታይ የሚያስፈራው ሞተር ሳይክል መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ሳይጠበቅ ቀለል ይላል። የ1250ው ሞተር ትክክለኛ ይዘት 1,254 ሲሲ ሲሆን 136 የፈረስ ጉልበትና 143 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይሰጣል። ቶርክ ሞተሩ ዘንጉን የሚያሽከረክርበት ኃይል ሲሆን፣ ጭነት የያዘ ሞተር ሳይክል ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንስ መውጣት መቻሉን የሚወስነው ይኸው ነው። በተጨማሪም የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ሁለት ዓይነት ቅርጽ ስላለው፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ቫልቮቹ በጥቂቱ፣ ሲፈጥን ግን በሙሉ ይከፈታሉ፤ ከዚህም የተነሣ በዝግታ ሲነዳ ጸጥ ያለና ነዳጅ ቆጣቢ፣ ጋዝ ሲሰጠው ደግሞ ቁጡ ይሆናል።

ከጎን የሚወጡት ሲሊንደሮች ጥቅምም ጉዳትም አላቸው። ቫልቮቹን ለመፈተሽ መካኒኩ የነዳጅ ሰልባትዮውን መፍታት አያስፈልገውም፤ ከጎን ቁጭ ብሎ የሲሊንደሩን ክዳን ይከፍታል። ሞተር ሳይክሉ ሲወድቅም በሲሊንደሩና በዙሪያው ባለው መከላከያ ብረት ላይ ስለሚያርፍ ሙሉ በሙሉ አይጋደምም፤ ይህም ማንሳቱን ያቀለዋል። በአንጻሩ በሁለት ድንጋዮች መካከል በጠባብ መንገድ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚመታው እሱው ሲሊንደሩ ነው፤ ጭቃ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚሞክር ነጂም ቅልጥሙ ከሲሊንደሩ ጋር ይጋጭበታል።

የአፍሪካ ትዊን ሁለት ሲሊንደሮች ግን ጎን ለጎን ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ይዘታቸው 1,084 ሲሲ፣ ጉልበታቸው 102 የፈረስ ጉልበት፣ ቶርካቸው 105 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ከጀርመኑ በእጅጉ ያንሳል። ሆኖም የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠው ክራንክ ሻፍት የተሠራው ሁለቱ ፒስተኖች በእኩል የጊዜ ልዩነት እንዳይተኩሱ ተደርጎ ነው፤ ሁለት ትኩሶች ቀረብ ቀረብ ብለው ከመጡ በኋላ ረዘም ያለ ፋታ ይከተላል። የመስክ ነጂዎች በዚህ ፋታ የኋላ ጎማው ልቅ አፈር ላይ ቆንጥጦ የሚይዝበት ጊዜ ያገኛል ይላሉ፤ ድምፁንም ከወትሮው የመንታ ሲሊንደር ድምፅ የሚለየው ይኸው ነው። ሞተሩ ጠባብ በመሆኑም ነጂው ቆሞ ሲነዳ ጉልበቶቹን ወደ ሰልባትዮው አስጠግቶ ሞተር ሳይክሉን በእግሮቹ መምራት ይችላል።

የሁለቱ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚለየው የፊት ጎማው በተያያዘበት መንገድ ነው። አፍሪካ ትዊን እንደ አብዛኛው ሞተር ሳይክል የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው በሚወርዱ፣ ሞላና ዘይት በውስጣቸው በያዙ ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ላይ ይቆማል። ነጂው የፊት ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ቱቦዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው የሞተር ሳይክሉ አፍንጫ ዝቅ ይላል። ጂኤስ ግን «ቴሌሌቨር» የተባለ ሌላ ዘዴ ይጠቀማል፤ በዚህ ዘዴ ከሞተሩ አካል የሚነሣ አንድ ክንድ ወደ ፊት ወጥቶ ከቱቦዎቹ ጋር ይገናኛል፣ ሞላውም በቱቦዎቹ ውስጥ ሳይሆን በዚሁ ክንድ ላይ ለብቻው ይቆማል። የፍሬኑ ግፊት አብዛኛው በክንዱ በኩል ወደ አካሉ ስለሚተላለፍ፣ ፍሬን በኃይል ሲያዝ እንኳ አፍንጫው ብዙ አይዘቅጥም። ከኋላ ሰው ተቀምጦ ቁልቁለት ሲወረድ የዚህ ጥቅም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ተሳፋሪው በነጂው ጀርባ ላይ አይደፋም፣ ጎዳናው ላይ ድንገት ከብት ቢገባም ሞተር ሳይክሉ ሚዛኑን ሳይስት ይቆማል። ዋጋው ደግሞ ጠጠርና አሸዋ ላይ ይከፈላል፤ ከጎማው ወደ መሪው የሚመጣው መልእክት በክንዱ ስለሚደበዝዝ፣ ነጂው የፊት ጎማው ሊንሸራተት መሆኑን በእጁ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

በዚህ ላይ የቸርኬዎቹ መጠን ይጨመራል። የጂኤስ የፊት ቸርኬ 19 ኢንች፣ የኋላው 17 ኢንች ሲሆን፣ የአፍሪካ ትዊን የፊቱ 21፣ የኋላው 18 ኢንች ነው። ትልቅ ጎማ ድንጋይ ወይም የጉድጓድ ከንፈር ሲገጥመው በለዘበ ማዕዘን ስለሚያገኘው ከመጋጨት ይልቅ ይወጣበታል፤ ትንሽ ጎማ ግን ያንኑ ድንጋይ ፊት ለፊት ይመታዋል። አስፋልት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከባዱ ቸርኬ ሲሽከረከር አቅጣጫውን ላለመልቀቅ ስለሚታገል፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ባለ 19 ኢንቹ ፈጥኖ ይታጠፋል። የሆንዳ የፊት ሞላ 230 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ሲሰበሰብ የቢኤምደብሊው 210 ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢመስልም ኮረኮንች መንገድ ላይ ሞላው መጨረሻው ጋ ደርሶ በመምታቱና ባለመምታቱ መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ክብደትን በተመለከተ ጂኤስ አድቬንቸር 268 ኪሎ ግራም፣ አፍሪካ ትዊን ደግሞ በእጅ ማርሽ የሚነዳው 238 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የጀርመኑ አኃዝ ሰልባትዮው ዘጠና በመቶ ብቻ ተሞልቶ የተለካ ስለሆነ እውነተኛው ልዩነት ከሠላሳ ኪሎም ጥቂት ከፍ ይላል። በዚህ ላይ ሦስት የአሉሚኒየም ሣጥኖች ከነጓዛቸው ሲጫኑ ሁለቱም ከ270 ኪሎ ግራም በላይ፣ ጂኤስም ከ300 በላይ ይሆናሉ። ብቻውን በረሃ የሚያቋርጥ ሰው በመጨረሻ የሚጋፈጠው ጥያቄ ፍጥነት ሳይሆን፣ አሸዋ ላይ የወደቀውን ሞተር ሳይክል ያለ ረዳት ሊያነሣው መቻል አለመቻሉ ነው። የመቀመጫ ቁመትም እንዲሁ ቸል የሚባል አይደለም፤ የጂኤሱ 890 ወይም 910 ሚሊ ሜትር፣ የሆንዳው 850 ወይም 870 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ሰው ጂኤስ ላይ ሲቀመጥ መሬት የሚነካው በእግሩ ጣቶች ጫፍ ነው። ጋስቶን ራይዬ በቁመቱ አጭር እንደነበረ እየታወቀ ዳካርን ሁለት ጊዜ ማሸነፉ ግን ልምድ ላለው ሰው ይህ እንቅፋት የማይሻገሩት እንዳልሆነ ያስረዳል።

ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚደርስበት መንገድም የተለያየ ነው። ጂኤስ በኋላ እግሩ ውስጥ ተሸፍኖ የሚሽከረከር የብረት ዘንግ ሲኖረው፣ አፍሪካ ትዊን እንደ ብስክሌት በሰንሰለት ይነዳል። ዘንጉ አቧራና ጭቃ አይነካውም፣ በየጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሩ ቅባት አይጠይቅም፣ በመጠበቅና በመላላት አያስቸግርም። ሰንሰለት ያለማቋረጥ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ቢበጠስ ግን በመንገድ ዳር በትንሽ መሣሪያ ሊጠገን ይችላል። ዘንጉ ከተጎዳ ግን ዕቃው ከአምራቹ ተልኮ እስኪመጣ መቆም ነው። ሆንዳ በተጨማሪ ፍሪሲዮን በእጅ የማይያዝበት ዓይነትም አቅርቧል፤ በካምቢዮው ውስጥ ሁለት ፍሪሲዮኖች ሲኖሩ አንዱ አንደኛን፣ ሦስተኛንና አምስተኛን፣ ሌላው ሁለተኛን፣ አራተኛንና ስድስተኛን ማርሽ ይይዛል፤ አንዱ እየሠራ ሌላው ቀጣዩን ማርሽ አዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ለውጡ አይሰማም። ይህ ዓይነት አሥር ኪሎ ግራም ይጨምራል፤ በከተማ ግርግርና በረጅም አስፋልት ላይ የሚያስመሰግን ሲሆን፣ በፍሪሲዮን እየተረዱ እንደ ኤሊ ቀስ ብለው ማለፍ በሚያስፈልግበት ድንጋያማ ዳገት ላይ ግን የግራ እጅ ሥራ ፈት መሆኑ ያስቆጫል።

ሁለቱም በዘመኑ ኤሌክትሮኒክስ የተሞሉ ናቸው። የሞተር ሳይክሉን ማዘንበል የሚለካ መሣሪያ በመታጠፊያ ላይ ፍሬኑ ጎማውን እንዳያግደው፣ የኋላ ጎማውም ከንቱ እንዳይሽከረከር ይቆጣጠራል። በዚህ ረገድ ከሁለቱ አንዱን የሚያስመርጥ ልዩነት የለም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ጉዳይ አየሩና ቤንዚኑ ነው። ሁለቱም ሞተሮች አየር የሚስቡት በራሳቸው ትንፋሽ ነው፤ አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የላቸውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የጂኤስ 136 የፈረስ ጉልበት ወደ 105፣ የአፍሪካ ትዊን 102 ደግሞ ወደ 80 ገደማ ይወርዳል። ሁለቱም እኩል በመቶኛ ስለሚቀንሱ ደረጃቸው አይለዋወጥም፤ ሁለት ሰውና ሙሉ ጓዝ ጭኖ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው ግን የጀርመኑ ትርፍ ጉልበት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። በቤንዚን በኩል ሚዛኑ ወደ ሆንዳ ያደላል። በጂኤስ ሞተር ውስጥ የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ከመቀጣጠሉ በፊት ወደ አሥራ ሁለት ተኩል እጅ ሲታመቅ፣ በሆንዳው ወደ አሥር እጅ ብቻ ይታመቃል። መታመቁ በበዛ ቁጥር ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ እንዳይፈነዳ ጥራቱ ከፍ ያለ ቤንዚን ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ይህን የሚያደምጥ መሣሪያ ስላለው ራሱን ቢጠብቅም፣ በዚያው መጠን ጉልበቱን ይቀንሳል። በርሜል ውስጥ የቆየ ቤንዚን በጀሪካን በሚሸጥበት ቦታ የትኛው ነጂ ሰልባትዮውን ሳይጨነቅ እንደሚሞላ መገመት አያዳግትም። የሰልባትዮው መጠን ግን ለጂኤስ ያደላል፤ የእርሱ 30 ሊትር፣ የሆንዳው 24.8 ሊትር ይይዛል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር አምስት ሊትር ያህል ከሚወስዱት ከእነዚህ ሞተሮች የመጀመሪያው ወደ 600፣ ሁለተኛው ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያደርሳል።

ጂኤስን በዓለም ዘንድ ከዳካር በላይ ያስተዋወቀው ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን በ2004 ከለንደን ተነሥተው በእስያ በኩል ኒውዮርክ የገቡበት የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ነው። በ2007 ሁለቱ ሰዎች በሁለተኛው ጉዟቸው ከስኮትላንድ እስከ ኬፕ ታውን ሲወርዱ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያም ወደ ኬንያ ተሻግረዋል። ያኔ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ በድንጋይና በአቧራ የታወቀ፣ ከካይሮ እስከ ኬፕ ለሚጓዙ ሁሉ የፈተና ቦታ ነበር፤ ዛሬ ግን አስፋልት ነው። እንዲህ ያሉ መንገዶች አንድ በአንድ በተነጠፉ ቁጥር የ21 ኢንች ቸርኬ ጥቅም እየቀነሰ፣ የዘንግና የቴሌሌቨር ምቾት ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። ባልና ሚስት ሆነው አህጉር ለሚያቋርጡ፣ ከመንገዱ አብዛኛው አስፋልት ለሆነላቸውና ለጥገና አቅም ላላቸው ሰዎች ጂኤስ አድቬንቸር የተሻለው ምርጫ ነው፤ ብቻውን ለሚጓዝ፣ ፒስታውን ለሚወድና ዋጋው ጥቂት ሺህ ዶላር መቀነሱ ለሚገደው ሰው ደግሞ በእጅ ማርሽ የሚነዳው አፍሪካ ትዊን ይበልጣል።

አምራቾቹ ራሳቸው ወደየት እያደሉ እንዳሉ ከቅርብ ለውጦቻቸው ይታያል። ቢኤምደብሊው በ2023 ባቀረበው አር 1300 ጂኤስ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር አስገብቶ ሞተሩን አሳጥሯል፣ ጉልበቱንም 145 አድርሷል፤ ሞተር ሳይክሉም 237 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በ2024 የተከተለው ትልቁ አድቬንቸር ግን ተመልሶ 269 ኪሎ ሆኗል። ሆንዳ በበኩሉ በ2024ቱ አድቬንቸር ስፖርትስ ላይ የፊት ቸርኬውን ከ21 ወደ 19 ኢንች አውርዶታል፤ 21 ኢንቹ የቀረው በመደበኛው አፍሪካ ትዊን ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የድሮውን የመስክ ጠባይ የሚፈልግ ገዢ ወደ መደበኛው ዞሮ 18.8 ሊትር ብቻ በሚይዝ ሰልባትዮ መብቃቃት፣ ያለበለዚያም ከ2020 እስከ 2023 የተሠራ ያገለገለ አድቬንቸር ስፖርትስ መፈለግ ይኖርበታል።